ቤት ከመጨመራችን በፊት ቁጭ ብለን እንቁጠር



ባለፈው ጥናት ካለቀ በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንዲት እህታችን ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችን። ከእናቷ የጭቃ ቤት ጎን ሁለት ክፍል ለመጨመር ሦስት ዓመት ሙሉ የላከችበት ግድግዳ ነው። ጣሪያ የለውም። የመስኮት ቦታ አለው፣ መስኮት የለውም። አዲሱ ብሎኬት ከአሮጌው ጭቃ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። «ወንድሜ በላው ልበል? እሱ ደግሞ ‹ዕቃ ተወደደ፣ ብርሽ አልበቃም› ይለኛል። እኔ ማንን ልመን?» አለችን። በዚያ ቀን «እግዚአብሔር ያውቃል» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረንም።

ይህ ጽሑፍ ለእሷና እንደ እሷ ለሆንነው ሁሉ ነው። ነገሩን ስናጤነው ችግሩ ወንድሟ ታማኝ መሆን አለመሆኑ ብቻ አይደለም። እሷ ስትልክ፣ እሱም ሲገዛ፣ ሁለቱም የሚያዩት አንድ የተለካና የተቆጠረ ወረቀት አልነበራቸውም። ልኬት በሌለበት ታማኙም ሌባ ይመስላል፣ ሌባውም ታማኝ ይመስላል።

ጌታችን በሉቃስ 14፥28 ላይ ግንብ መሥራት የፈለገ ሰው ከመጀመሩ በፊት ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያስብ ያስተምረናል። «ተቀምጦ» የሚለውን ልብ እንበል። እኛ መቼ እንቀመጣለን? ከጠዋት እስከ ማታ በእግራችን ነን፤ ደመወዝ ሲመጣም ቆመን እንልካለን። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አንድ የዕረፍት ቀን ለዚህ ጉዳይ ወስኖ እስክሪብቶ ይዞ መቀመጥ ነው።

1. ቦታው የማን ነው?

ብዙዎቻችን የምንጨምረው በወላጅ ግቢ ነው። ካርታው በአባባ ስም ከሆነ፣ በእኛ ላብ የተሠራው ክፍልም በወረቀት ላይ የአባባ ነው። ለወላጅ ስጦታ ከሆነ እሰየው፤ ስጦታ መሆኑን በልባችን እንወቅና በኋላ አንቆጭ። «ስመለስ እገባበታለሁ» ብለን ከሆነ ግን ወላጆች በሕይወት እያሉ፣ ወንድም እህት ባለበት፣ ዛሬ እንነጋገር። የተስማማነውም በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክሮችም ይፈርሙበት።

ከተማ ውስጥ ከሆነ ክፍል ለመጨመርም የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል ፎቅ የሌለውን መኖሪያ ቤት ቀላሉ ምድብ ውስጥ አስገብቶት ነበር። ቀላል ማለት ግን ፈቃድ አያሻውም ማለት አይደለም። ደንብ ስለሚሻሻል ቤተሰብ ራሱ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አሁን የሚጠየቀውን ያጣራ። «ጎረቤትም ዝም ብሎ ነው የሠራው» የሚል ምክር ቤት ያስፈርሳል።

ሰው መወከል ካስፈለገ ቆንስላ ስንሄድ የተዘጋጀውን ጽሑፍ ሳናነብ አንፈርም። ብዙው የውክልና ጽሑፍ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ» የሚል አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተወካይ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል፤ ያንን ሥልጣን የሚሰጡት እነዚህ ቃላት ናቸው። ለእኛ ግን የምንፈልገው ፈቃድ የሚያወጣ፣ ውል የሚፈርምና ግንባታ የሚከታተል ሰው ነው። ያንኑ ብቻ እናስጽፍ።

2. ግንበኛ ሌላ፣ ባለሙያ ሌላ

ግንበኛው ይሠራል። የሚለካው፣ የሚስለው፣ የሚቆጥረውና የተሠራውን የሚያየው ግን ሌላ ሰው መሆን አለበት። ለሁለት ክፍል ትልቅ ድርጅት አያስፈልግም። በአካባቢው የሚሠራ መሃንዲስ ወይም በኮንስትራክሽን የሠለጠነ ቴክኒሻን ይበቃል። የግንበኛው ዘመድ ባይሆን ይሻላል። ዕቃ የሚገዛውም እሱ ባይሆን ይሻላል፣ ሚዛኑ እንዳያጋድል። ከእሱ የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ልኬት ያለው ፕላን፣ የዕቃ ዝርዝር ከነብዛቱ፣ በየደረጃው መጥቶ ማየት። ክፍያውም በመጣበት ቁጥር ይሁን።

«ለወረቀት ምን ብር አወጣለሁ፣ በዚህ ብር ስንት ብሎኬት ይገዛል» እንላለን። እስቲ ባለሙያ ምን እንደሚያይ እንመልከት።

አንደኛ አፈሩን ያያል። መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። በላዩ ጥልቀት የሌለው መሠረት ከተጣለ ግድግዳው ከወቅቱ ጋር ይነሣል፣ ይወርዳል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ባለሙያው ጉድጓድ አስቆፍሮ ጠንካራው አፈር የት እንዳለ አይቶ የመሠረቱን ጥልቀት ይወስናል።

ሁለተኛ አሮጌውን ቤት ያያል። የጭቃ ቤት በእንጨት ላይ የቆመ ነው፤ እግሩን ምስጥ ሊበላው፣ እርጥበት ሊያበሰብሰው ይችላል። የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ ከባድ ነው፣ በራሱ ልክ ወደ መሬት ይጠቀጠቃል። ሁለቱን አንድ ላይ ስንለጥፍ አንዱ ሲወርድ ሌላው አይከተልም፣ ስንጥቁም በመጋጠሚያቸው ይወጣል። የእህታችን ፎቶ ላይ ያየነው ዓይነት ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። መፍትሔው አዲሱ ክፍል በራሱ መሠረትና በራሱ አራት ግድግዳ እንዲቆም፣ በመካከል ጠባብ ክፍተት እንዲቀርና በላዩ መሸፈኛ እንዲደረግ ነው።

ሦስተኛ የጣሪያውን ውኃ ያያል። የአዲሱ ቆርቆሮ ውኃ በአሮጌው ጭቃ ላይ ከወረደ ለእማዬ ክፍል ስንጨምርላት ያላትን እናፈርስባታለን።

3. አብረን እንቁጠር

አንድ ክፍል ስፋቱ 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት 3 ሜትር ነው እንበል። አንዱ ግድግዳ 4 ሲባዛ በ3፣ 12 ካሬ ሜትር ነው። አራቱ ግድግዳ 48 ካሬ ይሆናል። ለአንድ በርና ለአንድ መስኮት ወደ 3 ካሬ እንቀንስ፣ 45 ይቀራል። የተለመደው ብሎኬት ርዝመቱ 40፣ ከፍታው 20 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ለአንድ ካሬ 12 ተኩል ይፈልጋል። 45 በ12 ተኩል ስናባዛ 563 ገደማ ይመጣል። ለሚሰበር ከመቶ 5 እንጨምር፣ በጠቅላላው ወደ 590 ብሎኬት ይሆናል።

አያችሁ? የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ይህን ያወቀች እህት «1,000 ብሎኬት አልቋል» ስትባል ሳትጮህና ሳታለቅስ «የቀረው 400 የት ገባ?» ብላ ትጠይቃለች። ምናልባት ለመሠረት ገብቶ ይሆናል፣ ምናልባት ተሰብሯል። መልሱ ግን በወረቀት ይመጣል።

አንድ ነገር እንጠንቀቅ። የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ ነው፣ ኩንታል ደግሞ 100 ኪሎ። «20 ሲሚንቶ ገዛሁ» የሚል ወሬ 20 ከረጢት ነው ወይስ 20 ኩንታል? ልዩነቱ እጥፍ ነው። ሁሌ «ስንት ከረጢት?» ብለን እንጠይቅ። ለአርማታም አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ከሆነ አንድ ሜትር ኩብ ወደ 7 ከረጢት ይወስዳል። ባለሙያው ስንት ሜትር ኩብ አርማታ እንዳለ ከነገረን የቀረውን ራሳችን ማስላት እንችላለን።

የዋጋ ዝርዝር ላይ ቀን ይጻፍበት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ስለሚወሰን እኛ የምንልከው ገንዘብ በብር ሲመነዘር ይለዋወጣል፣ የዕቃ ዋጋም እንዲሁ። የአምናውን ዋጋ ይዞ ወንድምን መውቀስ ግፍ ነው። ብዛቱ ግን በዋጋ አይለወጥም፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ብዛቱን እንያዝ።

4. ብሩን በደረጃ እንላክ

በየወሩ ያገኘነውን መላክ ልማዳችን ነው። ግንባታ ግን በወር አይሄድም፣ በደረጃ ነው የሚሄደው። መሠረት፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ በርና መስኮት፣ ከዚያ ልስን፣ ወለልና መብራት። የአንዱ ደረጃ ብር ሳይሞላ ያ ደረጃ አይጀመር፤ በስማችን በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይጠራቀም። ያለፈው ደረጃ በባለሙያው ተለክቶ «ልክ ነው» ሳይባል የሚቀጥለው አይላክ።

ብሩ ለሁለት ክፍል ካልበቃ አንድ ክፍል እስከ ጣሪያው እንጨርስ። ሁለት ጣሪያ የሌለው ክፍል ዝናብ ያበላሸዋል፣ አንድ ያለቀ ክፍል ግን እናትን ያሳድራል። ሲሚንቶ አስቀድመን ገዝተን አናከማች፣ እርጥበት ሲያገኘው ይደርቃል። ብሎኬትና ፌሮ ግን ደረቅ ቦታ ካለ ሊቆዩ ይችላሉ።

ከግንበኛው ጋር ውል ይጻፍ። የእጅ ዋጋ ብቻ ነው ወይስ ከነዕቃው? መቼ ይጨርሳል? ቅድመ ክፍያው ትንሽ ይሁን። ከመጨረሻውም ለምሳሌ ከመቶ 5 የሚሆን ገንዘብ አንድ ክረምት እስኪያልፍ ይያዝ ብለን እንዋዋል። ጣሪያ ማፍሰስ አለማፍሰሱን የሚነግረን ዝናቡ ነው።

5. ምን ዓይነት ፎቶ እንጠይቅ?

«ፎቶ ላክልኝ» ስንል ግድግዳ ፊት ቆሞ ፈገግ ያለ ዘመድ ይመጣልናል። ደስ ይላል፣ ግን አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከመሸፈኑ በፊት የተነሣ ፎቶ ነው። የመሠረቱ ጉድጓድ ድንጋይ ሳይገባበት፣ ሜትር ተዘርግቶ። ፌሮው አርማታ ሳይፈስበት፣ ውፍረቱና ብዛቱ እየታየ። አርማታ ከፈሰሰ በኋላ ውስጡ ያለውን ማንም አያይም። ደረሰኝም በየቀኑ ይነሣ።

አርማታ ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ መጠጣት አለበት፤ መሃንዲሶች ጥንካሬውን የሚመዝኑት በ28ኛው ቀን ነው። ግንበኛው ቸኩሎ በማግስቱ ቢጭንበት የቤቱ ዕድሜ ያጥራል። ውኃ ማጠጣት ደግሞ ብር አይጠይቅም፤ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ጠዋት ማታ በባልዲ ታደርገዋለች።

ጊዜውንም እንይ። በብዙው አገራችን ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። መሠረት ከጥቅምት በኋላ ቢጀመር፣ ጣሪያ ከሰኔ በፊት ቢመታ መልካም ነው። ብር በግንቦት ከሞላልን እስከ ጥቅምት መታገሥ ከኪሳራ ያድናል።

6. ለወንድም እንዴት እንንገር?

ከባዱ ይህ ነው። «ባለሙያ ላስገባ» ስንል «አላመንሺኝም ማለት ነው?» ይመጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው፣ ጠብ ሳይኖር እንንገር። ቮይስ ስንልክ እንዲህ ማለት እንችላለን፦ «ጋሼ፣ አንተን ስለማላምን አይደለም። አንተም የራስህ ሥራ አለህ፣ ዕቃ ሲወደድም ሰው አንተን ነው የሚያማው። ባለሙያው ለክቶ ይጻፍ፣ አንተ ግዛ፣ እኔም በወረቀቱ እልካለሁ። ከዚያ ማንም አንተን አይናገርህም።» ለሚደክምበትም የትራንስፖርትና የስልክ ብር በግልጽ እንመድብለት። ሰው በነፃ ሲደክም ከሲሚንቶው ላይ ለራሱ ድካም መቁረጥ ይፈተናል፤ ፈተናውን እኛ እንቀንስለት።

ሌላው ደግሞ ሁሉንም ለግንብ አንስጥ። ኮንትራት ሊያልቅ፣ ልንታመም፣ ማዳም ልትሸኘን ትችላለች። የመመለሻ ቲኬትና የጥቂት ወር መኖሪያ ሳንነካ እናስቀር። በወለድ ተበድረን ግድግዳ አናቁም። ቤት ለመጨመር መጥተን ጤናችንን ቀንሰን እንዳንመለስ።

ያቺ እህታችን አሁን ባለሙያ ልካ አስለክታለች። መሠረቱ ደህና ነው ተብሏል፤ ከጭቃው ጋር የተጣበቀው ግድግዳ ግን ፈርሶ በራሱ ይቆማል። የገባው ዕቃም ተቆጠረ፤ ከላከችው ብር አብዛኛው በቦታው ተገኘ፣ የጎደለውንም ወንድሟ ለእናታቸው ሕክምና ማዋሉን ተናገረ። «ለምን አልነገርከኝም?» ብላ አለቀሰች። እሱም «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አላት። ሦስት ዓመት የተኳረፉበት ነገር በአንድ ወረቀት ተፈታ።

ለውይይት

ሀ. እኔ የምልክበት ቤት ካርታው በማን ስም ነው? ከቤተሰብ ጋር ተነጋግረናል?
ለ. የምጨምረው ክፍል ስንት ካሬ ነው? ስንት ብሎኬት ይፈልጋል? በቡድን ሆነን እናስላ።
ሐ. ያለ ማስረጃ የጠረጠርኩት የቤተሰብ ሰው አለ? ምን ልጠይቀው፣ በምን ቃል?

ጸሎታችን፦ ጌታ ሆይ፣ በእጃችን የሰጠኸንን በማስተዋል እንድንጠቀምበት እርዳን። ከቤታችን በፊት በመካከላችን ያለውን ፍቅር ሥራልን። አሜን።