ካራማራን የሚወጣ መኪና ስለ መምረጥ

ከጅግጅጋ በስተሰሜን፣ ወደ አውበሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ሸደር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከሩቅ ያለ ሰው ስሟን ሰምቶ እንደሆነ፣ የሰማው በ2000 ዓ.ም. ለሶማሊያ ስደተኞች በተከፈተው መጠለያ ምክንያት ይሆናል። በዚያ ከሚሠሩት መምህራን፣ የጤና ሠራተኞችና የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች መካከል ቤተ ሰባቸው በጅግጅጋ የሚኖር ስላሉ መንገዱን መመላለሳቸው የግድ ነው። የሕዝብ ማመላለሻው የሚነሣው ግን ሰዓቱ ሲደርስ ሳይሆን ወንበሩ ሲሞላ ነው።

ከነዚሁ ተመላላሾች አንዱ የሆነ ወጣት ባለፈው ጊዜ ዕቁብ ደረሰውና፣ ከደመወዙ ያጠራቀመውን ጨምሮበት፣ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ቆረጠ። ገንዘቡ የአምስት ዓመት ቁጠባ ነው፤ ቢጠፋ የሚተካው ሌላ የለውም። ጋዜጣ የሚጽፍ ሰው ሁሉን ያውቃል ብሎ የሚገምት የዋህ አይታጣምና፣ አብረነው እንድንመርጥ ለመነን። እኛም ከዕውቀታችን ይልቅ አለማወቃችንን ደኅና አድርገን ስለምናውቅ፣ በድሬዳዋ ጋራዦች አርጅተው ዛሬ ኑሯቸውን በጅግጅጋ ያደረጉ አንድ መካኒክ ይዘን ሄድን። ወጣቱም እኛም «ጋሼ» ነው የምንላቸው።

በመጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደ ከበደ መግለጽ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ፣ አርጅተው ከውጭ በሚገቡ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ አደረገ። ስለዚህ በነዳጅ የሚሠራው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ዋጋው ተወደደ። ውድ ነገር ደግሞ አታላይ አያጣም።

ወጣቱ የፈለገው ባለ ፍሪሲዮን መኪና ነው፤ በዚህ እኛም ተስማማን። አውቶማቲኩ በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ ለግራ እግር ዕረፍት መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ካምቢዮው ቢታመም ራሱን የቻለ ባለሙያና የራሱ ዘይት ይፈልጋል። የእጅ ማርሹን ግን በየትናንሽ ከተማው ያለ መካኒክ አውርዶ ይከፍተዋል። ባትሪው ቢደክም ሁለት ሰው ገፍቶ ያስነሣዋል። ቁልቁለት ላይም በዝቅተኛ ማርሽ ቢይዙት ሞተሩ ራሱ መኪናውን ስለሚገታ ፍሬኑ አይግልም።

በዚህ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ይህን ያስተማረው ፔዦ 404 ነው ብንል አላጋነንንም። ይህ መኪና በፈረንሳይ አገር በ1952 ዓ.ም. መሠራት ጀመረ፤ የማርሹ ዘንግ ከመሪው ሥር ነበር። የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር አራት ጊዜ አሸንፏል። በድሬዳዋና በሐረር ታክሲ ሆኖ ስንት ዓመት እንዳገለገለ የሁለቱ ከተሞች ሰው ያውቃል። ጋሼ ሙያቸውን የተማሩት በርሱ ላይ ነው፤ ስሙ ሲነሣ እንደ ጥንት ባልንጀራ ያወሱታል።

ወደ ግዢው እንመለስ። አንድ ደላላ መጀመሪያ ያሳየን እንደ መስተዋት የሚያበራ ነጭ ኮሮላ ነበር፤ ዋጋውም ከገበያው ዝቅ ያለ። ወጣቱ ገና ከሩቅ ሲያየው ልቡ እንደ ሄደ ከፊቱ ታወቀን። ጋሼ ግን ምንም ሳይናገሩ መዳፋቸውን በኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ሞቋል። «እኛ ሳንመጣ ለምን አስነሣችሁት?» አሉ። የሞተር ሕመም የሚታወቀው ሌሊቱን አድሮ ቀዝቅዞ ሲነሣ ነው። የጭስ ማውጫው ሰማያዊ ቢተፋ ዘይት ይበላል ማለት ነው። ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ አልቆም ቢል ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። አስቀድሞ ያሞቀ ሻጭ ከነዚህ አንዱን ሊሰውር ይችላል።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ከዳሽቦርዱ ሥር አጎንብሰው ብዙ ቆዩ። በአጠገባችን ባለው ድንበር ማዶ፣ በሐርጌሳ፣ መኪናው የሚሄደው እንደኛ በቀኝ በኩል ነው፤ የብዙዎቹ መኪናዎች መሪ ግን ከጃፓን እንደ ወጣ በቀኝ ነው። (እኛም በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ እስክንዞር ድረስ በግራ እንነዳ ነበር፤ ይህን ከወጣቶቹ የሚያውቀው ጥቂት ነው።) ስለዚህ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና በገበያው ይገኛል። ሥራው በደንብ ካልተሠራ መሪውም ፍሬኑም ፍሪሲዮኑም የተቀጣጠለ ነገር ይሆናል። በነጩ ኮሮላ የእግር መርገጫዎች ሥር የብየዳ ጠባሳ ተገኘ።

የሚበልጠው ችግር ግን ገና አልተነካም ነበር። ሊብሬው የት አለ ብለን ብንጠይቅ፣ «በሂደት ላይ ነው» ተባልን። እዚህ ላይ ወጣት አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን እንወዳለን። ቀረጥ ሳይከፈልበት በድንበር የገባ መኪና ቢያዝ ይወረሳል፤ የገዛው ሰው አላወቅሁም ማለቱ መኪናውን አይመልስለትም። ከቀረጥ ነጻ ሆኖ ለርዳታ ድርጅት ወይም ለሌላ ባለ መብት የገባውም ቢሆን፣ ቀረጡ ሳይከፈል መብቱ ለሌለው ሰው አይተላለፍም። ደላላው «ሊብሬውን እኔ እጨርስልሃለሁ» ሲለው ወጣቱ ወደኛ ዞረ። እኛም ዝም አልን፤ ገንዘቡ የርሱ ነውና። ጥቂት አሰበና «ይቅርብኝ» አለ። ያን ቀን ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

ሁለተኛው መኪና የአንድ ጡረተኛ ንብረት፣ በተለምዶ ዲኤክስ የሚባለው አሮጌ ኮሮላ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፤ የኋላው ወንበር ተቀዷል። ወጣቱ ፊቱን አጨማደደ። ጋሼ ግን ፈገግ አሉ፤ አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ መኪና ከስቱኮው ሥር ምን እንደ ደበቀ አይታወቅም፤ ይኸኛው ግን ዕድሜውን አልደበቀም ነበር። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ሳያዩ የፍሪሲዮኑን መርገጫ ጎማ ተመለከቱ። ቆጣሪውን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፤ በእግር የተበላ ጎማ ግን አይዋሽም።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ። የዘይት መክፈቻው ክዳን ሲከፈት ወተት የመሰለ ነገር አልታየበትም፤ ቢታይ ኖሮ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ያሰኝ ነበር። ከዚያ ጋሼ የእጅ ፍሬኑን አጥብቀው ሳቡና ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ለቀቁ። ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ጠፋ፤ ግን ጥቂት አመንትቶ ነው። «ዲስኩ አልቋል» አሉ። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ጆሯቸውን ሰጡ። ሲረገጥ ብቻ የሚመጣ ጩኸት የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው፤ ሲረገጥ የሚጠፋ ጩኸት ግን የካምቢዮው የውስጥ ኩሽኔታ ስለሆነ ወጪው ይከብዳል። እዚህ አንዱም አልተሰማም።

የቀረውን ፈተና ለካራማራ ሰጠነው። ከጅግጅጋ በስተምዕራብ በሐረር መንገድ ላይ ያለው ይህ ተራራ በ1970 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ስሙ በአገሩ ሁሉ ታውቋል፤ ለመኪና ገዢ ደግሞ በአካባቢው ከርሱ የተሻለ መርማሪ የለም። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ስንወጣ ነዳጁ ሲረገጥ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ግን ያንኑ ያህል አልፈጠነም። ዲስኩ ስለ መንሸራተቱ ሌላ ምስክር አላስፈለገንም። የራዲያተሩ ሙቀት ግን ልኩን አላለፈም። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ስንወርድ ጋሼ ነዳጁን ለቅቀው እጃቸውን ከማርሹ ዘንግ አነሡ። ካምቢዮው የተበላ ቢሆን ዘንጉ ራሱ ዘሎ ይወጣ ነበር፤ ፀንቶ ቆመ። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲመልሱትም ጥርስ የማፋጨት ድምፅ አልሰጠም።

ታች ደርሰን ወደ ኋላ ማርሽ ሲገባ መኪናው አንዳች የልቅሶ ድምፅ አሰማና ወጣቱ ደነገጠ። ጋሼ ሳቁበት። የኋላ ማርሽ ጥርሶች ቀጥ ብለው ስለ ተቆረጡ ማልቀሳቸው ተፈጥሯቸው ነው፤ የሚያሳስበው የፊቶቹ ሲያለቅሱ ነው። ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ከሥር «ጓ» የሚል ነገር መኖሩን ግን አልሸሸጉትም፤ ክሮቼራው ነው፣ ይለወጣል አሉ።

በማግስቱ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ተመሳከረ፤ ቁጥሩ እንዳልተፋቀም በጣታችን ዳሰስን። መኪናው በባንክ ዕዳ እግድ እንደሌለበት በተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ተጠየቀ። ይህ አንድ ቀን ሙሉ ወሰደና ወጣቱ ተሰላቸ። እኛ ግን ከካራማራው ፈተና ይልቅ ይህኛው የሚበልጥ መስሎናል። የታመመ ካምቢዮ በገንዘብ ይድናል፤ እግድ ያለበት መኪና ግን ከነጭራሹ የርሱ አይሆንም።

ዋጋው ሲነጋገሩበት ጡረተኛው አልተከራከሩም። የፍሪሲዮኑ ዲስክ፣ ዲስኩን የሚጫነው ሳሕንና ኩሽኔታው፣ ከክሮቼራው ጋር ሒሳቡ ተቀነሰላቸው። ሦስቱን ባንድነት መለወጥ የተፈለገበት ምክንያት፣ ካምቢዮውን ማውረዱ ራሱ ዋናው ድካም ስለሆነ ነው። ውሉ በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ከተፈረመ በኋላ መኪናው ሁለት ቀን ጋራዥ ዋለ።

ሰኞ ጧት ወደ ሸደር አብረነው ሄድን። በመንገዱ ወጣቱ አንድ ቃል አልተናገረም፤ የሚያዳምጠው ሞተሩን ብቻ ነበር። ማታ ለመመለስ ቁልፉን ቢያዞር ጸጥ አለ። ባትሪው ሞቷል። ዘይቱን፣ ካምቢዮውን፣ ሊብሬውን ስንመረምር አራታችንም ባትሪውን ረስተነው ነበር። ጋሼ አብረውን ስላልነበሩ ተሳደብን ለማለትም አልቻልንም። ሁለት መምህራን መጡና ከኋላ ገፉ፤ እኛም አገዝን። ወጣቱ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ መኪናው ሲንደረደር ፍሪሲዮኑን ለቀቀው። አንድ ጊዜ ነጠረና ተነሣ። መምህራኑም ሻንጣቸውን ይዘው ከኋላው ወንበር፣ ከተቀደደው ላይ ተቀመጡ።