ኮይሉ ሳይበላሽ የሚቀየርበት ምክንያት

«በሦስት ነው የምትሠራው» ይላል መካኒኩ፣ ጆሮውን ወደ ኮፋኖው አዘንብሎ። አራት ሲሊንደር ካላት መኪና አንዱ ሥራ ፈትቷል ማለቱ ነው። መሪው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ይጠፋል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር ምልክት ትበራለች። ቀጥሎ የሚመጣውን ባለመኪና ሁሉ ያውቀዋል፤ ካንዴላ ይቀየራል፣ ካልተሻላት ኮይል ይቀየራል። የእኔ ቪትዝ ላይ ሁለቱም ተደርገዋል፤ ኮይሉማ ሁለት ጊዜ። በተቀየረ ቁጥር ሁለት ሦስት ቀን ደህና ትሆንና መንቀጥቀጧ ይመለሳል።

በመጨረሻ ያየልኝ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። መፍቻ እንኳ አላነሳም። ሞተሩ እየሠራ፣ በካቻቢቴው የፕላስቲክ እጀታ የመጀመሪያውን ኮይል ሶኬት ገፋ አደረገው። ሞተሩ ረጋ። ለቀቀው፤ መንቀጥቀጡ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ኮይሉ ምንም አልሆነ። ሶኬቱ ነው የማይዘው» አለኝ።

ኮይል፣ ነባር መካኒኮች ቦቢና የሚሉት፣ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ አሥር ሺዎች የሚያሳድግ ዕቃ ነው። ካንዴላ ጫፍ ላይ ያለችው ክፍተት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብትሆንም፣ በታመቀ አየርና ነዳጅ መሃል ያንን ክፍተት ዘሎ ለመሻገር 12 ቮልት ምኑም አይበቃም። ኮይሉ ውስጥ ሁለት የመዳብ ጥቅሎች አሉ፤ አንዱ ወፍራም ሆኖ ዙሩ ጥቂት መቶ፣ ሌላው እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ዙሩ ብዙ ሺህ። በወፍራሙ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ድንገት ሲቋረጥ የፈጠረው የማግኔት ኃይል ይፈርሳል፤ በዚያች ቅጽበት ቀጭኑ ጥቅል ላይ ትልቁ ቮልቴጅ ይወለዳል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር አንድ ካንዴላ በሰከንድ 25 ጊዜ እሳት ይሰጣል። ሶኬቱ ለአንድ አፍታ ቢላቀቅ ስንት እሳት እንደሚያመልጥ ከዚህ መገመት ይቻላል።

የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች ለአራቱም ካንዴላ አንድ ኮይል ነበራቸው። ዲስትሪቢውተሩ እሳቱን በተራ ያድላል፣ ወፍራም የካንዴላ ገመዶች ያደርሳሉ። በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገበያ ላይ የወጣችው ቪትዝና እኩዮቿ ግን ለእያንዳንዱ ካንዴላ የራሱን ኮይል ከላዩ አስቀምጠውለታል። ዲስትሪቢውተሩም ገመዱም ቀረ። በምትኩ የሞተሩ ራስ ላይ፣ እዚያው ሙቀቱ ውስጥ፣ አራት የፕላስቲክ ሶኬቶች ተደረደሩ። የሞተሩ ውኃ ብቻውን ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስበት ቦታ ነው።

እዚህች መኪና ላይ ወደ እያንዳንዱ ሶኬት አራት ሽቦ ይገባል። አንዱ ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት ያመጣል፤ ሌላው ግራውንድ ነው። ሦስተኛው ከኮምፒውተሩ «አሁን ተኩስ» የሚል ትእዛዝ ያደርሳል። አራተኛው ደግሞ ኮይሉ «ተኩሻለሁ» ብሎ የሚመልስበት ነው፤ ኮምፒውተሩ መልስ ካጣ ነዳጅ እስከ መከልከል ይደርሳል። ሌሎች መኪኖች ላይ ሽቦው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስህተቱ የሚጀምረው ኮምፒውተሩ በሚሰጠው ኮድ ላይ ነው። ፒ 0301 ካለ አንደኛው ሲሊንደር በአግባቡ እየተቀጣጠለ አይደለም ማለት ነው። ፒ 0351 ካለ ደግሞ የአንደኛው ኮይል መስመር ችግር አለበት። ልብ በሉ፤ መስመሩ ነው ያለው፣ ኮይሉ አላለም። ኮምፒውተሩ ከወዲያኛው ጫፍ ሆኖ ኮይል ተቃጠለ ወይስ ሽቦ ተቆረጠ መለየት አይችልም። ኮዱን ያነበበ ሰው ሁሉ ግን ኮይል ነው የሚገዛው። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ አንደኛውንና ሁለተኛውን ኮይል ማቀያየር። ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ወደ ሁለተኛው ከሄደ ኮይሉ ነው፤ አንደኛው ላይ ከቀረና ካንዴላው ደህና ከሆነ ወደ ሶኬቱና ወደ ሽቦው ማየት ነው። ባለ 10 ቁጥር መፍቻና አሥር ደቂቃ ይበቃል። ይህን ሳያደርግ ኮይል የሚያስገዛ መካኒክ ገምቷል እንጂ አልመረመረም።

የእኔው ሶኬት ምላሱ ተሰብሯል። ይህች ምላስ ተጭነው የሚነቅሏት፣ ስትገባ ቀጭ ብላ የምትቆልፍ ናት። ፕላስቲኩ ለዓመታት ሲጋገር ይደርቅና እንደ ብስኩት ይሆናል፤ ካንዴላ ለመቀየር የመጣ ሰው ሲጫናት ቀጭ ሳይሆን ቀሽ ትላለች። ከዚያ በፕላስቲክ ማሰሪያ ትጠፈራለች። ቤት እስኪደርሱ አይከፋም። እያደር ግን ማሰሪያው ይላላል፣ ሶኬቱ በሞተሩ ንዝረት ወደ ኋላ ይሸሻል። ክፋቱ ደግሞ የተላቀቀ ሶኬት ውስጥ የኮይሉ ወንዴ ብረትና የሶኬቱ ሴቴ ሲፋተጉ ሴቴው ይሰፋል፤ አዲስ ኮይል ቢመጣም አይጨብጠውም። የእኔ «አዲስ» ኮይሎች ለሁለት ሦስት ቀን የሠሩት መካኒኩ ሶኬቱን በደንብ ገፍቶ ስላስገባው ብቻ ነበር።

ኤሌክትሪሺያኑ ልጅ በምላሷ አልቆመም፤ ከሶኬቱ አንገት ሥር ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ጎንበስ ቀና አደረጋቸው። አንዱ እንደ ጅማት ተለጠጠ። ላስቲኩ ደህና፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ከጥቂት ክር በቀር ተበጥሷል። ቴስተር ሲሰካበት 12 ቮልት አሳየ። ወዲያው ቴስተሩን አስቀምጦ ትንሽ የፍሬቻ አምፖል በዚያው ሽቦ አገናኘ፤ አምፖሉ ደብዝዞ በራ። ቴስተር የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም፣ ስለዚህ አንድ ክር መዳብ ብትቀርም 12 ያነባል። አምፖል ግን እንደ ኮይሉ ሥራ ይጠይቃል። ብዙ መካኒክ «መብራት አለው» ብሎ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው።

ሽቦው ደህና ሆኖ ፕላስቲኩ ብቻ ቢሰበር ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር። ባዶ ሶኬት ተገዝቶ፣ ሴቴዎቹ በቀጭን መርፌ መቆለፊያቸው ተለቆ ወጥተው ወደ አዲሱ ይዛወራሉ። ሽቦ የሚቆረጥ የለም። የእኔው ግን ሽቦው ራሱ ስለተበላ ጭራ ያለው ሶኬት አስፈለገ። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ አዲሱም፣ ከተፈታ መኪና የተቆረጠውም አለ። ያገለገለ የሚገዛ ምላሷን ይሞክር፣ ሽቦው ቢያንስ አንድ ስንዝር መሆኑን ይይ።

የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቀለ። ልጁ በስልኩ የድሮውን ሶኬት ፎቶ አነሳ፤ የአዲሱ ጭራ ቀለም ከመኪናው ቀለም ጋር አይገጥምምና የሚመሳሰለው በቀዳዳው ቦታ ነው። 12 ቮልቱ ወደ ትእዛዙ ሽቦ ቢገባ ኮይሉን ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አራቱን አንዴ አልቆረጠም፤ አንዱን ቆርጦ፣ ቀጥሎ፣ ወደ ሌላው ሄደ። መቀጠያዎቹንም አንድ ቦታ አላደረጋቸውም፤ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ፣ እርስ በርሳቸው እንዳይነካኩ። በየሽቦው መጀመሪያ በእሳት የሚሸበሸብ ቱቦ አስገባ (ይህን ረስቶ በይዶ እንደገና የሚቆርጥ ሞልቷል)፤ ከዚያ በሊድ በየደ፣ ቱቦውን ስቦ አለበሰው፣ በላይተር አሞቀው።

በሊድ ይሻላል ወይስ በመጭመቂያ ቱቦ? ፋብሪካዎቹ ይጨምቃሉ። ሊድ ሽቦው ውስጥ እየሰረገ ያደርቀዋል፤ የደረቀው ዳር ላይ ንዝረት ሊሰብረው ይችላል። ትክክለኛውን መጭመቂያ ፒንሳ የያዘ ይጨምቅ፤ ያልያዘ በጥርሱ ወይም በተራ ፒንሳ ከሚያደቅቀው ጥሩ ሊድ ይሻላል። ጠምዝዞ በነስትሮ መጠቅለል ግን ለሞተር ራስ አይሆንም፤ ሙጫው በሙቀቱ ይቀልጥና ነስትሮው ይፈታል። ልጁ የበየደውን ከዋናው ሽቦ እቅፍ ጋር አስሮ እንዳይወዛወዝ አደረገ፤ ሶኬቱ አካባቢም ሽቦውን እንዳይወጠር ላላ አድርጎ ተወው።

በሦስት የምትሠራ መኪና መንዳት ነዳጅ ማባከን ብቻ አይደለም። ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው ወርዶ እዚያ ያለውን ማጣሪያ፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን፣ ያግለዋል፣ ያቀልጠዋልም። ቢጫዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረች ጋዝ ቀንሶ ወደ ቅርቡ ጋራዥ ነው። ሞተሩ እየሠራም ኮይል አይነቀልም፤ ያ ቮልቴጅ ክፉኛ ይመታል።

ሶኬት ስታስነቅሉ ምላሷ ተጭና መሆኑን፣ ሽቦው አለመጎተቱን ቆማችሁ እዩ። ኮይል ከተቀየረላችሁም አሮጌውን ተቀበሉ። የእኔ ሁለቱ ሻንጣው ውስጥ ናቸው፤ ልጁ ሞክሯቸው ሁለቱም ይሠራሉ።