ባለ 300ዎቹ የጀልባ ሞተሮች፦ ተረትና እውነታ

በአሜሪካ የባሕር ዳርቻዎች ዓሣ አጥማጆችን ከሚያከራክሩ ነገሮች አንዱ፣ ከጀልባው ኋላ ያማሃ ኤፍ300 ይሰቀል ወይስ ሜርኩሪ ቬራዶ 300 የሚለው ነው። በክርክሩ ከሚነሡት ብዙዎቹ ግን ሲወርዱ ሲዋረዱ የመጡ ወሬዎች ናቸው።

ተረት፦ ሲሊንደሩ የበዛ ጉልበቱም ይበልጣል።

ያማሃው ባለ 4.2 ሊትር ቪ6፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው ቬራዶ ደግሞ ባለ 4.6 ሊትር ቪ8 ነው። ሁለቱም የተሰጣቸው 300 የፈረስ ጉልበት ነው፤ የሚለካውም ፕሮፔለሩን በሚያዞረው ዘንግ ላይ ነው። በክብደት ግን ይለያያሉ፤ ቬራዶው ወደ 272 ኪሎ ሲመዝን ያማሃው ከዚያ ይቀልላል። ጥንድ ሞተር ሲገጠም ልዩነቱ እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱ የሚያርፈውም ከጀልባው የኋላ ጫፍ ላይ ስለሆነ አነሳሱን ይነካል።

ተረት፦ ቬራዶ ሁሉ ሱፐርቻርጀር (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) አለው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ባለ 2.6 ሊትሩ ነበረው። ቪ8ቱ የለውም። አሮጌ ሞተር የሚገዛ ሰው ከስሙ በፊት የተሠራበትን ዓመት ይመልከት።

ተረት፦ ጉልበቱ በእጥፍ ሲያድግ ፍጥነቱም በእጥፍ ያድጋል።

በውኃ ላይ ተንሳፍፎ በሚበር ጀልባ፣ ክብደቱ ሳይለወጥ ጉልበቱ እጥፍ ቢሆን ፍጥነቱ የሚጨምረው 40 በመቶ ገደማ ነው። ጉልበቱን እጥፍ የሚያደርገው ሁለተኛ ሞተር ከነክብደቱ ስለሚመጣ በተግባር ከዚያም ያንሳል።

ተረት፦ ፈጣኑን ለመለየት ሁለቱን ማሽቀዳደም በቂ ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተገፍቶ የዙር መለኪያው 5,200 ላይ ቆመ እንበል። አምራቹ የሚፈልገው እስከ 6,000 ከሆነ፣ ሞተሩ ታፍኗል፤ የፕሮፔለሩ ፒች (በአንድ ዙር ወደ ፊት ሊሄድ የሚገባው ርቀት) በዝቷል ማለት ነው። ፒቹን በአንድ ኢንች መቀነስ ዙሩን በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የሁለት ሞተሮች ንጽጽር የሚያስተማምነው በአንድ ጀልባ፣ በተመሳሳይ ጭነት፣ ለእያንዳንዳቸው የሚስማማው ፕሮፔለር ተገጥሞ ሲሆን ነው። ያለዚያ የሚወዳደሩት ፕሮፔለሮቹ ናቸው።

ተረት፦ 300 የተባለ ሞተር የትም ቦታ 300 ነው።

ጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ሱፐርቻርጀር የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ስስ ነውና። ያ 300 ጣና ላይ ወደ 250 ይጠጋል። ያማሃውም ቪ8ቱ ቬራዶም እኩል ይቀጣሉ። በፍሎሪዳ ልክ የነበረው ፕሮፔለርም ጣና ላይ ይከብዳል፤ ፒቹ ዝቅ ባለ መተካት አለበት።