ግራስሆፐር፦ ጀማሪን ሹፌርም መካኒክም የምታደርግ ትንሽ መኪና

ግራስሆፐር በሬዲዮ የምትታዘዝ፣ አፈርና አሸዋ ላይ ለመሮጥ የተሠራች ትንሽ የውድድር መኪና ናት። መጠኗ የዚህ ዓይነት እውነተኛ መኪና (ባጊ) 1/10 ነው። የሺዙኦካው የጃፓን ኩባንያ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ ሲያቀርባት ያሰበው ለጀማሪ ነበር። ኩባንያው በ1979 ያወጣቸው ሳንድ ስኮርቸርና ራፍ ራይደር ብረት የበዛባቸው ውድ መኪኖች ነበሩ፤ ግራስሆፐር ግን በፕላስቲክ ተሠርታ በርካሽ መጣች። የምትሸጠውም ተበታትና ነው። ገዢው ካቻቢቴ ይዞ ራሱ ይገጣጥማታል።

ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርቶ በረጅም ዘንግ እየገፋ ያደገ ልጅ አሠራሯን ለመረዳት አይቸገርም፤ እዚህ ዘንጉን የተካው ሬዲዮ ነው። መቆጣጠሪያው የሚልከው ሁለት ትእዛዝ ብቻ ነው፦ መሪና ፍጥነት። በ1984ቷ ሞዴል ትእዛዙን የሚፈጽሙት ሰርቮ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ሞተሮች ናቸው። አንዱ የፊት ጎማዎችን ያዞራል። ሌላው የፍጥነት ማብሪያውን ክንድ ከአንዱ የብረት ንክኪ ወደ ሌላው ያንሸራትታል። በዝቅተኛው ደረጃ ኤሌክትሪኩ በሬዚስተር በኩል ስለሚያልፍ መኪናዋ ቀስ ትላለች፤ የቀረው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በመጨረሻው ደረጃ 7.2 ቮልቱ ባትሪ ያለውን ሁሉ ለሞተሩ ይሰጣል።

ጉልበቱ የሚሄደው ወደ ኋላ ጎማዎች ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላ አክሰሉ አንድ ላይ ታስረው ከፊት በኩል ብቻ ከሻንሲው ጋር ተያይዘዋል፤ ጉብታ ሲያጋጥም ሁሉም በአንድነት በሞላቸው ላይ ይነሳሉ። ስለዚህ በሻካራ ሜዳ ላይ እየዘለለች ትሄዳለች። የፊት ጎማዎች ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ክንድና ሞላ አላቸው። ካምቢዮው ውስጥ ዲፈረንሻል አለ፤ መኪናዋ ስትታጠፍ የውጩ ጎማ ከውስጡ ይልቅ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ ያስችላል። የመጀመሪያዋ ሞተር 380 የሚባለው ትንሹ ነበር። በዚያው ዓመት የተከተለችው ሆርኔት በተመሳሳይ ሻንሲ ላይ ኃይለኛውን 540 ይዛ ወጣች።

ይህችን መኪና ወደ መተማ ቆላ ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ መሬቱን ማወቅ አለበት። ክረምት ሲገባ ዋልካው ጎማ ላይ ይጠቀለላል። ጎማው ተይዞ ሞተሩ መዞር ሲያቅተው ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ጣት ከመንጃው ላይ ካልተነሳ ይቃጠላል። በበጋ ደግሞ ያው ዋልካ ይሰነጠቃል፤ ትንሽ ጎማ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። የሚመቻት በጓንግና በሽንፋ ወንዞች ዳር እንደሚገኘው ያለ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ነው።

ቀጣዩ ጠላት አቧራ ነው። ጎማዎቿ የሚዞሩት በኩሽኔታ ሳይሆን በቡሽ ነው። ደቃቅ አቧራ ቡሹ ውስጥ ገብቶ ይፈጨዋል፤ ጎማውም መወዛወዝ ይጀምራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረግላት ማሻሻያ ቡሹን አውጥቶ የተሸፈነ ኩሽኔታ ማስገባት ነው። የ1984ቷ ሞዴል ከሆነች የፍጥነት ማብሪያው ንክኪዎችም በየጊዜው መጠረግ አለባቸው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ከሩጫ የተመለሰ ባትሪ ሳይቀዘቅዝ ቻርጅ አይደረግም።

ታሚያ እ.ኤ.አ. በ2005 እንደገና ያወጣት ፈጣን ስለሆነች አይደለም። በፍጥነት የሚበልጧት ሞልተዋል። የምትወደደው ክፍሎቿ ጥቂትና ግልጽ ስለሆኑ፣ ስትሰበርም የገጣጠማት ልጅ ራሱ ስለሚጠግናት ነው። በመተማዋ ገንዳ ውኃ ጋራዦች የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ሲፈታ የሚጠሩት ካምቢዮና ዲፈረንሻል እሷም ውስጥ አሉ። ትራክተር ላይ ስህተት ብዙ ብር ያስከፍላል፤ እዚህ ግን አንድ የፕላስቲክ ጥርስ ብቻ ነው የሚበላሸው። ሙያውን ለሚጀምር ወጣት ከዚህ የተሻለ የመለማመጃ መኪና አላውቅም።