የሞተር አተነፋፈስ

አሮጌ ቮልስዋገን ያለዎት እንደሆነ፣ «የአየር መግቢያውን ቢያሰፉት ጉልበቱ ይጨምራል» የሚል መካሪ አያጡም። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ነገሩን አብረን እንመርምረው።

ቤንዚን ያለ አየር አይነድም። ፒስተኑ ወደ ታች በወረደ ጊዜ አየርና ቤንዚን ተደባልቀው በቧንቧ ይመጡና መካኒኮች ቴስታታ በሚሉት ክፍል ውስጥ ባለው በር ወደ ሲሊንደሩ ይገባሉ። አየር ክብደት የሌለው ይመስለናል፤ ነገር ግን አለው። ስለዚህ በጠባብ ቧንቧ ሲሮጥ የመጣ አየር በድንገት አይቆምም። ፒስተኑ ሽቅብ መመለስ ከጀመረ በኋላ እንኳ፣ ቫልቩ እስኪዘጋ ድረስ እየተጋፋ ይገባል። ቧንቧው ሰፊ ሲሆን ግን፣ ሞተሩ በዝግታ በሚዞርበት ጊዜ አየሩ ይንቀረፈፋል፤ ከገባውም ከፊሉ ተገፍቶ ይመለሳል፤ ቤንዚኑም በቧንቧው ግድግዳ ላይ ተንጠባጥቦ ይቀራል። ሞተሩ እጅግ ሲፈጥን ደግሞ ተራው ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ ጠባቡ ቧንቧ ትንፋሽ ያሳጥረዋል።

የፈረስ ጉልበት የሚባለው የመጠምዘዝ ኃይልና የዙር ፍጥነት ተባዝተው የሚሰጡት ነው። ዳገት ላይ በዝግታ የሚጎትተን ግን የመጠምዘዙ ኃይል ነው። ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ባለ 1192 ኩቢክ ሴንቲሜትር ቮልስዋገን 34 የፈረስ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 3600 ዙር ሲዞር ሲሆን፣ አብልጦ የሚጠመዝዘው ግን በ2000 ዙር ገደማ ነው። መካከል ላይ የተቀመጠው አንድ ካርቡራተር በረዥምና በቀጭን ቧንቧ ግራና ቀኙን ይመግባል፤ በየወገኑም ሁለት ሲሊንደሮች አንድ በር ይጋራሉ። ይህ ስስት አይደለም፤ ታስቦበት የተደረገ ነው።

ፋብሪካው በኋላ፣ ለአሜሪካ ገበያ በቀረበው የ1971 ሞዴል፣ ለየሲሊንደሩ የራሱን በር ሰጠው። የሞተሩ መጠን ሳይለወጥ፣ በአሜሪካ አለካክ 57 የነበረው የፈረስ ጉልበት 60 ሆነ። ካርቡራተሩም አብሮ ስለ ተለወጠ ጭማሪው ሁሉ የበሩ ነው አይባልም። ያን ያህል መሐንዲስ ደክሞ ያገኘው ሦስት ፈረስ ነው!

አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፣ አየርዋ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ይህን መጋዝና ሞረድ አያድኑትም። በሩን በሞረድ ያሰፋ ሰው በሜዳ ላይ ጥቂት ፍጥነት ያገኝ ይሆናል፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ግን ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ ያልፍ የነበረውን ዳገት በሁለተኛ ይወጣዋል። ገንዘቡ ካለዎት አስቀድመው የአየር ማጣሪያውን አሳጥበው ዘይቱን ያስለውጡ፤ የቫልቮቹንም ክፍተት ያስለኩ።