ከመኪና የፊት ጎማ የሚሰማ ያልተለመደ ድምፅ እንዴት እንደሚለይ

አብዛኞቹ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያጓጉዝ መኪና ቢኖራቸው አንድ ብቻ ነው። ይህ መኪና በግንቦት ወይም በሰኔ ከቆመ የዘር ወቅት አይጠብቀውም። የፊት ጎማ በጉዞ ላይ ቢወልቅ ደግሞ ጉዳቱ ከንብረት አልፎ ለሰው ሕይወት ይተርፋል። ጎማ ግን ሳያስጠነቅቅ የሚወልቀው ከስንት አንዴ ነው፤ አስቀድሞ ድምፅ ያሰማል። ይህ ጽሑፍ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የማኅበራት ንብረት ኃላፊዎች ድምፁን ሰምተው መኪናው ባለበት ይቁም ወይስ ቀስ እያለ ጋራዥ ይድረስ የሚለውን እንዲወስኑ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው።

ድምፁን ስለ ማዳመጥ

በጠጠር መንገድ ላይ የሳጥኑ መንኳኳትና የጠጠሩ ጩኸት ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይሸፍነዋል። ከገጠር ወጥቶ በሸኖና በሰንዳፋ፣ ከዚያም በኮተቤና በላምበረት በኩል መገናኛ የደረሰ ሾፌር ወደ ገርጂና ወደ ቦሌ በሚወስደው ቀለበት መንገድ ላይ ፍጥነት ሲጨምር ከፊት በኩል ጉርምርምታ ይሰማል። «አዲስ አበባ ስገባ ጀመረ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ብልሽቱ ግን የቆየ ነው፤ እንዲሰማ ያደረገው ልስልሱ አስፋልት ነው።

ሙከራውን በመገናኛ አደባባይ አካባቢ ማድረግ አይመከርም። የታክሲውና የአውቶቡሱ ጩኸት፣ የቀላል ባቡሩም ማለፍ ጆሮ ያደናግራል። እሑድ ማለዳ መንገዱ ጭር ሲል፣ ሬድዮ ተዘግቶና መስኮት ወርዶ ቢነዳ ይሻላል። በሲሚንቶ ግድግዳ አጠገብ ሲታለፍ ድምፁ ተመልሶ ስለሚመጣ በዚያ በኩል ያለው ጎማ በደንብ ይሰማል። ከሾፌሩ ሌላ አንድ ሰው አብሮ ቢያዳምጥ መልካም ነው፤ መኪናውን ዕለት ዕለት የሚነዳ ሰው ጆሮው ድምፁን ስለሚለምደው ቶሎ አያስተውለውም።

ኩሽኔታ

ከፍጥነት ጋር አብሮ የሚጨምር፣ ፍሬን ቢያዝም ባይያዝም የማይቋረጥ ጉርምርምታ ብዙውን ጊዜ የኩሽኔታ ነው። ሆኖም ያለ እኩል ያለቀ ጎማም ተመሳሳይ ድምፅ ስለሚሰጥ ሁለቱ ሊለዩ ይገባል። የጎማ ድምፅ መንገዱ ከአስፋልት ወደ ሲሚንቶ ሲለወጥ ይለወጣል፤ የኩሽኔታ ድምፅ ግን እንዳለ ይቀጥላል። ጥርጣሬው ካልጠራ የፊቶቹን ጎማዎች ከኋላዎቹ ጋር ማለዋወጥ ነው። ድምፁ አብሮ ወደ ኋላ ከሄደ ጥፋቱ የጎማ ነው። ይህ ሥራ ከጉልበት በቀር ምንም ወጪ የለውም፤ ሳይጠፋ ኩሽኔታ ከመግዛትም ያድናል።

ጥፋቱ በየትኛው በኩል እንደሆነ ለማወቅ ሰፊ መታጠፊያ ላይ ማዳመጥ ይጠቅማል። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይዛወራል። በዚህ ጊዜ ጉርምርምታው ከበረታ ብዙውን ጊዜ የተጎዳው የቀኙ ኩሽኔታ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ከበረታ ደግሞ የግራው።

ኩሽኔታን በገጠር ሥራ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ውኃ ነው። ረጅም መንገድ ተጉዞ የጋለ ሞዞ ድንገት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ግራሶውን በሚይዘው የጎማ ቀለበት በኩል ውኃና ደለል ይስባል። ውኃ የገባበት ግራሶ እንደ ወተት ይነጣል፤ ብረቱን ከዝገት አይጠብቅም። ስለዚህ ወንዝ ከመሻገር በፊት ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። በክረምት ወንዝ ሲሻገር የከረመ መኪናም፣ ኩሽኔታው የሚፈታ ዓይነት ከሆነ፣ በመስከረም ተፈትቶ መታጠብና አዲስ ግራሶ መሞላት አለበት። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ እየረገጡ መውረድም ሞዞውን አግሎ ግራሶውን ያቀጥነዋል።

ጭነትን በሚመለከት አንድ የታወቀ ስሌት አለ። በባለ ኳስ ኩሽኔታ ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ቢሆን የአገልግሎት ዘመኑ በግማሽ ሳይሆን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ በባለ ሲሊንደር ኩሽኔታ ላይ ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ተብሎ የሚጨመረው ኩንታል ሲመዘን ይህ ሊታሰብ ይገባል።

ሌሎች ድምፆች

ጭርር የሚልና ፍሬን ሲያዝ የሚለወጥ ቀጭን ድምፅ የፍሬን ሸራ ማለቁን ሊያመለክት ይችላል። ብረት ከብረት ሲፋቅ ከተሰማ ሸራው ጨርሶ አልቋል፤ ዲስኩ እየተበላ ስለሆነ ጉዞው መቆም አለበት። ነገር ግን በጠጠር መንገድ ላይ ድንገት የሚጀምር ኃይለኛ ፉጨት ብዙ ጊዜ ከዲስኩ ጀርባ ባለው ቆርቆሮ መካከል የተሰነቀረ ትንሽ ጠጠር ነው። ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ቢነዳ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ሾፌሮች እጅግ የሚደነግጡት በዚህ ነው፤ ከሁሉ የሚቀለውም ይኸው ነው።

መሪው ጨርሶ ተጠምዝዞ ሲነዳ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የፊት ጎማን ከሚያዞረው ዘንግ ጫፍ ካለው ጆይንት ይመጣል። የጎማ ሽፋኑ ተቀድዶ ግራሶው በቸርኬው ላይ ተረጭቶ ከታየ ጥርጣሬ አይኖርም። ጉድጓድ ሲመታ ብቻ የሚሰማ ኳ የሚል ድምፅ ደግሞ የጎሚኒ፣ የአሞርዛተር ወይም የቦል ጆይንት ማለቅ ምልክት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ሊፈራ የሚገባው ቀስ ብሎ ሲነዳ ከጎማው ዙር ጋር የሚመላለስ ኳ ኳ ነው፤ በተለይ ጎማ ከተቀየረ በኋላ። የላሉ ዳዶዎች ድምፅ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቦታ ቆሞ ማጥበቅ ግዴታ ነው። ዳዶ የሚጠብቀው በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ሲሆን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት። በአንዳንድ የጭነት መኪናዎች የግራ ጎማ ዳዶ ጥርሱ ተቃራኒ መሆኑን ለአዲስ ረዳት መንገር አይዘንጋ።

በክሪክ አንሥቶ ስለ መመርመር

መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቆማል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዳሉ። ክሪክ ብቻውን ስለማይታመን ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ ይደረጋል። ከዚያም ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መወዝወዝ ነው። ቢንቀሳቀስ ሌላ ሰው የእግር ፍሬን እንዲረግጥ ይደረግና እንደገና ይወዘወዛል። መወዝወዙ ከቀረ የላላው ኩሽኔታው ነው፤ እንዳለ ከቀጠለ ቦል ጆይንቱ ነው። በግራና በቀኝ ተይዞ ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የመሪው ቴስቲና ይመርመር። በመጨረሻ ጎማውን በአንድ እጅ እያዞሩ ሌላውን እጅ በሞላው ወይም በባሌስትራው ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። የተበላሸ ኩሽኔታ አሸዋ እንደሚፈጭ ሆኖ ለእጅ ይሰማል።

ጎማው ከተወዛወዘ ወይም ሞዞው ከሌላው በኩል ይልቅ እጅግ ከጋለ (በእጅ ሳይነካ ከሩቁ ሙቀቱ ይፈተናል) መኪናው በመጎተቻ መወሰድ አለበት። ጉርምርምታ ብቻ ከሆነና ምንም መወዛወዝ ከሌለ ግን ጭነቱ ተራግፎ፣ በዝግታና በየመንገዱ እየቆሙ ሙቀቱን እየተመለከቱ እስከ ጋራዥ መድረስ ይቻላል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በእጅ ያለውን መኪና በጥንቃቄ መያዝን ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም ቢሆኑ ጎማቸው የሚዞረው በኩሽኔታ ነው፤ እንዲያውም ሞተራቸው ጸጥተኛ ስለሆነ ጉርምርምታው ቶሎ ይሰማል።

ጋራዥ ሲደረስ «የፊት ጎማ ይጮኻል» ብሎ መኪናውን ጥሎ መሄድ ተገቢ አይደለም። በየትኛው በኩል፣ በስንት ፍጥነት፣ ወደየት ሲታጠፍ እንደሚበረታ በወረቀት ጽፎ መስጠት፣ መካኒኩንም አስቀምጦ አንድ ዙር መንዳት፣ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ ተቀብሎ ለማኅበሩ ንብረት ክፍል ከደረሰኙ ጋር ማስረከብ ያስፈልጋል።