32 ጊጋ ላፕቶፕ ምን ይጫንበት?

የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «ጋሼ፣ ይቺ ነገር አበቃላት መሰለኝ» አለችኝ። አክስቷ ከአሜሪካ ስትመጣ በሻንጣዋ ያመጣችላት ባለ 11 ኢንች ላፕቶፕ ናት። ከፍቼ ማከማቻዋን አየሁ። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ነው፤ ከ32 ጊጋው ከሚታየው 29 የተረፈው 600 ሜጋ አይሞላም። ልጅቷ ያስቀመጠችው የመመረቂያ ጽሑፏንና ጥቂት ፎቶዎችን ብቻ ነበር። ቀሪውን የያዘው ስርዓተ ክወናው ራሱ ነው። ማሻሻያ ያወርዳል፣ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፣ ይቆማል፣ በማግስቱ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የሞባይል ዳታዋ እንደ ውሃ የሚፈስሰው በዚህ በኩል ኖሯል።

እንዲህ ያሉ 32 ጊጋ ማከማቻና 2 ጊጋ ራም ያላቸው ርካሽ ላፕቶፖች ከ2014 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በብዛት ተሽጠዋል። ማከማቻቸው ኢኤምኤምሲ ይባላል፤ ስልክ ውስጥ የምናገኘው ዓይነት ቺፕ ሲሆን ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ ይመጣል። «በትልቅ ቀይሩልኝ» ብሎ ጥገና ቤት መሄድ አያዋጣም። የእርስዎ ላፕቶፕ ሀርድ ዲስኩ በብሎን የሚፈታ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ኤስኤስዲ ያስገቡለት። እንደዚያ የሚያፈጥነው ሌላ ነገር አላውቅም።

ዊንዶውስ ላይ መቆየትስ? ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 64 ጊጋ ማከማቻና 4 ጊጋ ራም ይጠይቃል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ጉግል ለአሮጌ ኮምፒውተሮች ያዘጋጀው ክሮምኦኤስ ፍሌክስ 16 ጊጋ ማከማቻ ይበቃዋል፤ ራሙ ግን 4 ጊጋ መሆን አለበት። ለእኛ ላፕቶፕ የቀረው መንገድ ሊኑክስ ነው።

ሊኑክስ ስንል ከአንድ ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) የተሠሩ ብዙ ስርዓቶችን ማለታችን ነው። ከትንንሾቹ መካከል ስሙ የገነነው ፓፒ ነው። በ2003 ባሪ ካውለር የተባለ አውስትራሊያዊ የጀመረው ሲሆን ጥቂት መቶ ሜጋ ብቻ ይይዛል፤ ሲነሳ ጠቅላላ ራም ውስጥ ይገባና ከዚያው ይሠራል። ከፍላሽ አስነስቼው ፍጥነቱ አስደሰተኝ። ነገር ግን ፓፒ እንደመጣ ተጠቃሚውን በሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ነው የሚያሠራው። ፋይል ከተበላሸ ላፕቶፕ ለማውጣት እወደዋለሁ፤ በየቀኑ ኢንተርኔት ለምትጠቀም ተማሪ ግን አልሰጠውም።

ሚንት መልኩ ዊንዶውስን ለለመደ ሰው ቶሎ የሚገባ ነው፤ ነገር ግን 20 ጊጋ ቦታ ይጠይቃል፣ ለምቾት ደግሞ 4 ጊጋ ራም። ሉቡንቱ ቀለል ይላል። አንቲኤክስ ከሁለቱም ይቀላል። መሠረቱ ዴቢያን ስለሆነ ሶፍትዌር አያጣም፤ አይስደብሊውኤም የተባለችው የመስኮት አስተዳዳሪውም ራም የምትነካው በጣም ጥቂት ነው። መልኩ ግን ደረቅ ነው፤ ልጅቷም መጀመሪያ ስታየው ፊቷ አልፈታም። ቢሆንም የመረጥንላት እሱን ነው። ተጭኖ ሲያበቃ የያዘው ከ10 ጊጋ በታች ነበር። (ላፕቶፑ 32 ቢት ከሆነ ምርጫው በጣም ይጠባል፤ ዴቢያን ራሱ በ2025 ካወጣው 13ኛ እትም ጀምሮ ለ32 ቢት መጫኛ ማዘጋጀት ትቷል።)

ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስርዓቱን 100 ሜጋ ለማሳነስ ቀናት ይደክማሉ፤ ከዚያ ብራውዘር ከፍተው ስምንት ገጽ ይደረድሩና ላፕቶፑ ሀንግ ያደርጋል። ሸክሙ ያለው ብራውዘሩ ላይ ነው። በ2 ጊጋ ራም ሁለት ሦስት ገጽ፣ ማስታወቂያ ማገጃ ተጨምሮበት፣ በደንብ ይሠራል። ዚራም የተባለውን ማብራትም ይረዳል፤ ራም ውስጥ ያለውን መረጃ አጭቆ ቦታ ያተርፋል፣ የማከማቻውን ቺፕም በተደጋጋሚ ከመጻፍ ያሳርፈዋል።

ከመጫኑ በፊት ከፍላሽ አስነስተን አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈተንነው። ዋይፋይ ይይዛል? ድምፅ አለ? የስክሪኑ ብርሃን ይቀንሳል? ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ይነቃል? በዚህ ጊዜ ላፕቶፑ ላይ ያለው አይነካም። ጽሑፏንና ፎቶዎቿን ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጠን፣ መከፈታቸውን አንድ በአንድ ካየን በኋላ ነው ፎርማት ያደረግነው።

ለእኔ ትልቁ ፈተና ግን አማርኛው ነበር። ግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ ስላለ አቢሲኒካ የተባለውን ነፃ ፎንት ስንጭን በፊደሎቹ ፈንታ ይታዩ የነበሩት ባዶ ሣጥኖች ጠፉ። ለመጻፍ ደግሞ አይባስንና ኤም17ኤን የሚባለውን ስብስብ ጨመርን፤ በውስጡ የአማርኛ አጻጻፍ አለው። «s»ን ሲጫኑ «ስ» ይወጣል፣ «a»ን ሲያስከትሉ «ሳ» ይሆናል። ስሟን ጻፈች፣ አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች። ፊቷ የፈታው ያኔ ነው። አማካሪዋ የሚፈልጉት የዎርድ ፋይል ስለሆነ ሊብሬኦፊስ ላይ ትሠራለች፤ ሠንጠረዡ አንዳንዴ ስለሚዛነፍ ፒዲኤፉንም አብራ ትልካለች።

ከወር በኋላ ደወለች። «ጋሼ፣ ቦታው ደግሞ ቀነሰ።» ተርሚናሉን አስከፍቼ አንድ ትእዛዝ አጻፍኳት፤ ማሻሻያዎቹ ከተጫኑ በኋላ ሳይጠፉ የሚከማቹትን የወረዱ ፋይሎች የሚጠርግ ነው። አንድ ጊጋ ተኩል ያህል ተመለሰላት። ትእዛዙን ደብተሯ ጀርባ ላይ ጽፋ አስቀመጠችው።